ባስተር ኪተንን የጣለው ድምፅ አይደለም

ስልካችሁ ላይ ሳይመጣባችሁ አልቀረም። አንድ ቀጭን፣ አጠር ያለ ሰው መንገድ መሐል ቆሟል። ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ከተማውን ያተራምሳል። ከሰውዬው ኋላ ያለው ባለ ፎቅ ቤት የፊት ግድግዳው እንዳለ ተገንጥሎ ይወድቅበታል። አለቀለት ስትሉ፣ የላይኛው መስኮት ክፍት ኖሮ ልክ በእሱ ቁመት ላይ ያልፋል። አቧራው ጋብ ሲል እሱ እዚያው ቆሟል። ፊቱ ላይ ድንጋጤ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ምንም የለም።

የእህቴ ልጅ ይህችን ቪዲዮ ሲያይ በኤአይ የተሠራች ናት ብሎ ወዲያው ፈረደ። ባለበት ዘመን መጠርጠሩ ጥሩ ነው። ግን ፊልሙ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ይባላል፤ ለተመልካች የቀረበውም በ1928 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የደፉበት ዓመት ማለት ነው። ኮምፒውተር የለም፣ ግሪን ስክሪን የለም። ግድግዳው የምር ግድግዳ ነው፤ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝን እንደነበር ይነገራል። በመስኮቱና በሰውዬው ትከሻ መካከል የነበረው ክፍተት የጥቂት ጣቶች ስፋት ብቻ ነው። የሚቆምበት ቦታ መሬት ላይ በምስማር ምልክት ተደርጎለት ነበር። ከዚያች ምስማር ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢል ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የምናወራው ሌላ ወሬ ነበር። ከቀረጻ ባልደረቦቹ መካከል ማየት ከብዷቸው ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበሩም ይነገራል።

ሰውዬው ባስተር ኪተን ነው። ስለ እሱ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ አንድ አጭር ታሪክ ታገኛላችሁ፦ የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ኮከብ ነበር፣ ከዚያ ፊልም መናገር ጀመረ፣ ኪተንም አብሮ ጠፋ። ታሪኩ አጭር ስለሆነ ይጣፍጣል። እኔ ግን አልቀበለውም። ፊልሞቹን ከድምፅ በፊት የሠራቸውንም ከድምፅ በኋላ የሠራቸውንም እያየሁ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አቋሜም አልተለወጠም። ኪተንን የጣለው ማይክሮፎን ሳይሆን አንድ ፊርማ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከልጅነቱ ካልጀመርኩ ግን ነገሩ አይገባም።

የተወለደው ጥቅምት 4 ቀን 1895፣ ካንሳስ ውስጥ ፒኳ በምትባል ሚጢጢ መንደር ነው። ከአድዋ ጦርነት አምስት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሌላም መገጣጠም አለ። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ የከፈለ ተመልካች ፊት ፊልም ያሳዩት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 28 ነው። ሲኒማና ኪተን እኩያሞች ናቸው፤ እሱ በጥቂት ሳምንት ይበልጣል።

እናትና አባቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መድረክ ላይ የሚሠሩ ተጫዋቾች ነበሩ። ልጁንም ገና በጨቅላነቱ ወደ መድረክ አወጡት። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? መወርወር። አባቱ ጆ ኪተን ልጁን አንሥቶ መድረኩ ላይ ያሽቀነጥረዋል፤ አንዳንዴም ከመድረክ ጀርባ ወዳለው መጋረጃ ይወረውረዋል። ለመያዝ እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለት ነበር። ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። የኒውዮርክ የሕፃናት ደኅንነት ማኅበር ሰዎች ግን አልሳቁም፤ ልጁን ደጋግመው መርምረዋል። ትልቅ ሰው ሆኖ ኪተን በዚህ ጉዳይ አባቱን ሲወቅስ አይሰማም፤ እንዴት እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ ብዙም እንዳልተጎዳ ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ያንን የሻንጣ እጀታ ባሰብኩ ቁጥር ሳቄ ግማሽ ላይ ይቆማል።

ያቺ ምንም የማይነበብባት ፊቱም የመጣችው ከዚያው መድረክ ነው። ልጁ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሲወረወር እሱ ራሱ ከሳቀ ሰዉ አይስቅም። እሱ ኮስተር ካለ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ስለዚህ ፊቱን ዘጋ። በኋላ «ታላቁ የድንጋይ ፊት» የሚል ቅጽል አወጡለት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ድንጋይ ነው ሲባል ባዶ ነው ማለት አይደለም። ዓይኖቹን ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ እያሰቡ ነው። አፉ የማይነግራችሁን ዓይኑ ይነግራችኋል። ይሄ ደግሞ በስልክ ትንሽ ስክሪን ላይ እንኳ በደንብ ይታያል።

አባትየው መጠጥ አበዛ። ጠጥቶ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ልጁን ሲወረውር የት እንደሚያሳርፈው አያውቅም፤ ልጁ ደግሞ ጎረምሳ ሆኗል። በ1917 የቤተሰቡ ቡድን ፈረሰ። ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ባስተር ኒውዮርክ ገባና ሮስኮ አርበክል ከሚባል ግዙፍ ኮሜዲያን ጋር ተገናኘ። አርበክል በዚያ ዘመን እጅግ ከታወቁት የፊልም ሰዎች አንዱ ነበር። ኪተን ስቱዲዮውን ሲጎበኝ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ዝና አልነበረም፤ ስለ ካሜራው ነበር። እንደሚነገረው ካሜራውን ተውሶ ወደ ማደሪያው ወሰደ፣ ብሎን በብሎን ፈታታው፣ መልሶ ገጣጠመው። የማሽኑን ሆድ ካየ በኋላ ነው ሥራውን የጀመረው።

መቼም ስልክ ፈታቶ መግጠም የሚወዱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። ኪተን የእነሱ ወገን ነው። ሰዎች ተዋናይ ብለው ያስታውሱታል እንጂ እኔን ብትጠይቁኝ መሐንዲስ ነው። ፊልሞቹ ውስጥ ያለው ቀልድ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ፣ ወይም እንዴት እንደማይሠራ የሚያሳይ ነው፦ ባቡር፣ መርከብ፣ መሰላል፣ ቤት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ግዳጁ ጆሮው ተጎድቶ ተመለሰና በ1920 የራሱ ስቱዲዮ ተከፈተለት። «ተከፈተለት» ያልኩት አውቄ ነው። ስሙ የኪተን ነው፤ ባለቤቱ ግን ፕሮዲዩሰሩ ጆሴፍ ሼንክና ሸሪኮቹ ናቸው። ኪተን ደመወዝና ከትርፍ ድርሻ ያገኛል፤ በድርጅቱ ውስጥ ግን አክሲዮን አልነበረውም። በ1921 ደግሞ የሼንክን የሚስቱን እህት ናታሊ ታልሜጅን አገባ። ሥራውም ዘመዱም አንድ ሆነ። በዚያን ጊዜ ይሄ ምንም አላሳሰበውም፤ ምክንያቱም ሼንክ ፊልም ሥራው ውስጥ ገብቶ አይፈተፍትም። ገንዘብ ይሰጣል፣ ፊልም ይቀበላል፤ በቃ።

ያ ነፃነት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የተጻፈ ስክሪፕት የለም። ኪተንና ጥቂት ጓደኞቹ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው መጀመሪያና መጨረሻ ይፈልጋሉ፤ መሐሉ በቀረጻ ቦታ ይገኛል። ሐሳብ ከጠፋ ሥራው ይቆምና ቤዝቦል ይጫወታሉ። ሐሳቡ ሲመጣ ኳሱን ጥለው ወደ ካሜራው ይሮጣሉ። የዛሬ ፕሮዲዩሰር ይህንን ቢያይ የልብ ድካም ይይዘው ነበር። ውጤቱ ግን ከ1920 እስከ 1928 ባለው ጊዜ አሥራ ዘጠኝ አጫጭርና አሥር ረጃጅም ፊልሞች ናቸው። ሁሉም ድንቅ ናቸው አልልም፤ «ኮሌጅ» ለምሳሌ ለእኔ ደከም ያለ ነው። ምርጦቹ ግን እስካሁን የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው።

በ1924 የሠራውን «ሼርሎክ ጁኒየር»ን ውሰዱ። ኪተን ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያጫውት ኦፕሬተር ነው። ማሽኑ አጠገብ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሕልሙ ተነሥቶ በአዳራሹ መሐል ይሄድና ስክሪኑ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ፊልሙ ግን አያስተናግደውም፤ ከሥሩ ትዕይንቱን እየቀያየረ ያሰቃየዋል። አግዳሚ ላይ ሊቀመጥ ሲል ራሱን መንገድ ላይ ያገኛል። መንገዱ ገደል ይሆናል፣ ገደሉ አንበሶች ያሉበት ጫካ፣ ጫካው በረሃ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ በረዶ። ሰውዬው ግን በእያንዳንዱ ቅያሬ እዚያው ቦታ ላይ ነው ያለው። ይህንን ለመሥራት ከካሜራው ያለውን ርቀት በቀያሾች መሣሪያ እየለኩ ነበር የሚያቆሙት። ዛሬ ቲክቶክ ላይ በአንድ ጣት የምንሠራትን የቦታ መቀያየር ኪተን ከመቶ ዓመት በፊት በሜትርና በትዕግሥት ሠርቷታል።

በዚሁ ፊልም ላይ ሌላም ትዕይንት አለ። ለባቡር ውኃ ከሚሞላ ታንከር ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ውኃው በአንድ ጊዜ ይለቀቅበትና ሐዲዱ ላይ ያነጥፈዋል። ተነሥቶ ሮጠ፤ ቀረጻውም ቀጠለ። ራስ ምታት እንደያዘው እንጂ ሌላ ነገር አላወቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት ራጅ ሲነሣ ነው ሐኪሙ የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ እንደዳነ የነገረው። ያቺ አንገቱ የተሰበረችባት ቅጽበት ዛሬም ፊልሙ ውስጥ አለች፤ አቁማችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አልባ ፊልም አንድ ነገር ካልተናገርኩ አላልፍም። ብዙዎቻችሁ አይታችሁ የተዋችሁት ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ስለሚሯሯጡ ነው። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ ነበር የሚዞረው፤ ፍጥነቱም ከፊልም ፊልም፣ ከትዕይንት ትዕይንት ይለያያል። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ላይ ጸና። በዝግታ የተቀረጸውን አሮጌ ፊልም በዚህ ፍጥነት ስታጫውቱት ሁሉም ይሮጣል። ኮሜዲያኑ አንዳንዴ ሆን ብለው ያፈጥኑት እንደነበር አይካድም። ግን የታደሰ፣ ፍጥነቱ የተስተካከለ ቅጂ ፈልጉና እዩ፤ ሌላ ፊልም ነው የሚሆንባችሁ። ደግሞም «ድምፅ አልባ» ይባል እንጂ አዳራሹ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ፒያኖ ወይም ሙሉ ኦርኬስትራ ይጫወትለት ነበር። ሙዚቃውን ዘግታችሁ አትዩት።

ኪተን ራሱ ከሁሉም የሚወደው ፊልም «ዘ ጄኔራል» ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሰላዮች የሰረቁበትን ባቡሩን ለማስመለስ ብቻውን የሚያሳድድ ሾፌር ታሪክ ነው፤ መነሻው በ1862 የሆነ እውነተኛ ድርጊት ነው። ፊልሙ ጀግናውን ለባርነት ከተዋጋው ከደቡቡ ጎን አሰልፎ ስለ ባርነት ትንፍሽ አይልም። ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል፤ እናንተም ስታዩ አትለፉት። የሥራው ጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቦታ ላይ ኪተን በፍቅር አዝኖ የባቡሩ ጎማዎች የተያያዙበት ብረት ላይ ይቀመጣል። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ እሱም ሳያውቀው ከብረቱ ጋር ወደላይ ወደታች እያለ ይሄዳል። ጣፋጭ፣ ልስልስ ያለ ቀልድ ነው። ጎማው ድንገት ቢሽከረከር ኖሮ ግን ሰውዬው አይተርፍም ነበር።

ከዚያ ድልድዩ አለ። በ1926 ሐምሌ ወር ኦሪገን ውስጥ፣ ሺዎች ተሰብስበው እያዩ፣ እውነተኛ ባቡር በሚቃጠል ድልድይ ላይ ተለቀቀ። ድልድዩ ተሰበረ፣ ባቡሩ ወንዝ ውስጥ ገባ። ለዚህች ለአንዲት ምስል ብቻ 42 ሺህ ዶላር እንደወጣ ይነገራል፤ በድምፅ አልባው ዘመን ከሁሉ የላቀ ወጪ የወጣባት ምስል ተብላ ትጠቀሳለች። ባቡሩ ለዓመታት ወንዙ ውስጥ ቀርቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው ለብረቱ ተብሎ የወጣው።

ፊልሙስ? ከሰረ። ሃያሲዎቹም ብዙዎቹ አልወደዱትም። የመውደቁ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። «ዘ ጄኔራል» የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው በ1927 መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው ታዋቂ ድምፃዊ ፊልም «ዘ ጃዝ ሲንገር» የወጣው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት 6 ነው። የኪተን ችግር ከድምፅ በፊት ተጀምሯል ማለት ነው። ችግሩ የገንዘብ ነበር፤ ሼንክ እንዲህ ያለ ውድ ፊልም መደጎም አልፈለገም።

በ1928 ሼንክ ኪተንን የራሱን ስቱዲዮ ዘግቶ ኤምጂኤም ወደሚባለው ግዙፍ ኩባንያ እንዲገባ መከረው። ኩባንያውን የሚያስተዳድረው የሼንክ ወንድም ኒኮላስ ነበር፤ ነገሩ በቤተሰብ ውስጥ ያለቀ ነው። ቻርሊ ቻፕሊንና ሃሮልድ ሎይድ ግን አትግባ ብለውታል። ሁለቱም በራሳቸው ገንዘብ የሚሠሩ፣ የፊልማቸውም ባለቤቶች ነበሩ። ኪተን ምክራቸውን ሰምቶ አመነታ። አማቹ ነው፣ እስከዛሬም ክፉ አላደረገበትም። ፈረመ። በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ላይ ይህንን ከሕይወቱ ስህተቶች ሁሉ የከፋው አድርጎ ቆጥሮታል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደህና ይመስል ነበር። እዚያ የሠራው የመጀመሪያ ፊልም «ዘ ካሜራማን» እንደ ድሮው ያምራል። ከዚያ በኋላ ግን ማሽኑ ያዘው። ኤምጂኤም ፋብሪካ ነው፤ ስክሪፕት ይጻፋል፣ ብዙ ሰው ይፈርምበታል፣ ተዋናዩ የተጻፈለትን ይሠራል። ቤዝቦል የለም። አደገኛ ትዕይንት ለመሥራት ራሱ ሲጠይቅ ውድ ንብረት ስለሆነ ተከለከለ። ንብረት፤ ልብ በሉ።

አሁን ክርክሬን የሚደግፍልኝ ነገር መጣ። ኪተን ድምፅን አልፈራም ነበር። እንዲያውም በ1929 የወጣውን «ስፓይት ሜሬጅ»ን በድምፅ ልሥራው ብሎ የጠየቀ እሱ ነው፤ እምቢ ያሉት እነሱ ናቸው። ሐሳቡም ግልጽ ነበር፦ ሰው የሚናገርበት ቦታ ላይ ይናገር፣ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይ ዝም ይበል፤ የዕቃውና የአካባቢው ድምፅ ይሰማ። ዛሬ ጥሩ የአክሽን ፊልም ስታዩ የምታዩት ይህንኑ ነው። ድምፁም ቢሆን ምንም አልጎደለውም፤ ወፈር ያለ፣ ሻካራ፣ ለፊቱ የሚስማማ ድምፅ ነበረው።

እርግጥ የድምፅ ፊልም መጀመሪያ አካባቢ ለእሱ ዓይነት ሥራ አስቸጋሪ ጊዜ ነበር። ካሜራው ስለሚንጫጫ ድምፅ በማያሳልፍ ሳጥን ውስጥ ከባለሙያው ጋር ይቆለፋል፤ እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም። ማይክሮፎኑ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ወይም ሌላ ዕቃ ሥር ይደበቅና ተዋናዮቹ ዙሪያውን ተኮልኩለው ያወራሉ። ባቡር ሲያሳድድ የነበረ ሰው ሳሎን ውስጥ ቆሞ እንዲያወራ ተደረገ። ግን ይህ ችግር በጥቂት ዓመት ውስጥ ተፈቷል። ቻፕሊን ምን አደረገ? ጠበቀ። በ1931 «ሲቲ ላይትስ»ን ያለ ንግግር አወጣ፣ በ1936 «ሞደርን ታይምስ»ን። ማንም ሊያስገድደው አልቻለም፤ ስቱዲዮው የራሱ ነው። ኪተን ግን መጠበቅ የሚችልበት ቤት አልነበረውም።

በ1930 የወጣው «ፍሪ ኤንድ ኢዚ» ድምፁን ያሰማበት የመጀመሪያው መሪ ሚናው ነው። እኔና ጓደኞቼ አንድ ቅዳሜ «ስቲምቦት ቢል»ን ካየን በኋላ አስከትለን አየነው። አልመክራችሁም። ያ ሁሉን ነገር በአእምሮው የሚፈታ ሰው አዛኝ ጅል ተደርጓል። ይደነቃቀፋል፣ ይሰደባል፣ በመጨረሻም ፊቱን ቀለም ቀብተው ያሳዝኑታል። ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ዘግተን እንየው አለ። ዘጋነው። ያኔም አያስቅም። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ድምፁ ሲጠፋ ፊልሙ ካልዳነ በሽታው ድምፁ አልነበረም።

ይባስ ብሎ በዚያ ዘመን የትርጉም ድምፅ መቅዳት ገና ስላልተለመደ አንዳንዶቹን ፊልሞች በሌላ ቋንቋ እንደገና ይሠሯቸው ነበር። ኪተን የማያውቃቸውን ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ቃላት እየሸመደደ ያንኑ የማይወደውን ቀልድ ደግሞ ደጋግሞ ተጫውቷል። አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ፦ እነዚህ ፊልሞች አተረፉ! ከድሮዎቹ ድንቅ ሥራዎቹ የተሻለ ገንዘብ አስገቡ። ተመልካቹ አልሸሸውም፤ ድምፁን ሰምቶም ትኬት ይገዛ ነበር። ስቱዲዮው ይህንን ሲያይ ለምን ይለውጣል? ኪተን ቅሬታ ባቀረበ ቁጥር የሒሳብ መዝገቡን ያሳዩታል።

እንደ አባቱ መጠጥ ውስጥ ገባ። በ1932 ትዳሩ ፈረሰ፤ ናታሊ ሁለቱን ልጆቹን ይዛ ሄደች፣ የአባታቸውንም ስም አስቀይራ በታልሜጅ ስም አስጠራቻቸው። በየካቲት 1933 ኤምጂኤም አባረረው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሆስፒታል ገብቶ ወጥቷል፣ ብዙም የማያስታውሰው ሁለተኛ ጋብቻ ፈጽሞ ፈርሶበታል። ብዙ የሚጻፍበት ምዕራፍ ነው፤ እኔ ግን ሰካራም ሰው ላይ መረማመድ አልወድም።

በሠላሳዎቹ መጨረሻ ወደ ኤምጂኤም ተመለሰ፤ በሳምንት ሦስት ሺህ ዶላር ይከፈለው ወደነበረበት ግቢ፣ በሳምንት መቶ ዶላር ሌሎች ኮሜዲያን የሚሠሩበትን ቀልድ ለመፍጠር። ለማርክስ ወንድማማቾች፣ ለሬድ ስኬልተን ሐሳብ ያዋጣ ነበር። ፊልሞቹን ስታዩ ስሙን አታገኙትም። አልተነጫነጨም፤ ሥራ ነውና ሠራ። በ1940 ኤሊኖር ኖሪስ የምትባል ወጣት ዳንሰኛ አገባ። ሃያ ሦስት ዓመት ትበልጠው ነበር ብል ትስቁብኛላችሁ፤ የሚበልጠው እሱ ነው። ብዙ ሰው ትዳሩ ወር አይሞላም ብሎ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ አብራው ነበረች፤ ሰውዬውን ያቆመችው እሷ ናት ብል አልተጋነነም።

የፊልሞቹ መገኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ፊልም ነው። ያኔ ፊልም የሚቀረጸው ናይትሬት በሚባል ነገር ላይ ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ሳይቀጣጠልም እየሟሸሸ ዱቄት ይሆናል። ድምፅ ሲመጣ ደግሞ አሮጌውን ማንም አልፈለገውም። በአሜሪካ ከተሠሩት ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ ጠፍተዋል። ኪተን በደጉ ዘመን ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ትልቅ ቪላ ሠርቶ ነበር፤ ሲፋታ እሱም ከእጁ ወጣ። በኋላ ቤቱን የገዛው እንግሊዛዊው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን ነው። ሜሰን በግቢው ውስጥ ተዘግቶ በቆየ ክፍል የፊልም ጥቅሎች አገኘ። የኪተን ሥራዎች ነበሩ፤ ጠፉ የተባሉም ነበሩባቸው። ሜሰን እንደ ቆሻሻ ቢጥላቸው ማን ይጠይቀው ነበር?

በ1954 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲኒማ ቤት የሚመራ ሬይመንድ ሮሃወር የሚባል ሰው ከኪተን ጋር ተገናኘ። ኪተን የነበሩትን ቅጂዎች ሰጠው። ሮሃወር አወዛጋቢ ሰው ነው፤ በፊልም መብት ጉዳይ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት አቁሟል። ነገር ግን የሚበሰብሰውን ፊልም ወደ አዲስ ቅጂ እያስገለበጠ ከጥፋት አትርፎታል፤ በዓለም ዙሪያም አሳይቷል።

ኪተን መቃብር ውስጥ ሆኖ አይደለም የተመሰገነው፤ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። በ1950 «ሰንሰት ቡሌቫርድ» ላይ ካርታ ከሚጫወቱት የተረሱ ኮከቦች አንዱ ሆኖ ለጥቂት ሰከንድ ይታያል። በ1952 «ላይምላይት» ላይ ከቻፕሊን ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ፤ ሁለቱ በአንድ ፊልም የታዩት ያኔ ነው። የሕይወት ታሪኩን ለፊልም ሸጠ። ፊልሙ ከእውነት የራቀ ሆኖ ወጣ፤ በገንዘቡ ግን ቤት ገዛ። ግቢው ውስጥ ዶሮ ያረባ ነበር፤ ለእንግዶቹ ምግብ የምታመላልስ ትንሽዬ የመጫወቻ ባቡርም ዘርግቶ ነበር። ወንዝ ውስጥ ባቡር የጣለ ሰው በመጨረሻ የራሱ ባቡር ኖረው። በ1960 የክብር ኦስካር ተሰጠው። በ1965 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብለት ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

የካቲት 1 ቀን 1966 በሳንባ ካንሰር አረፈ። በሽታው ምን ያህል እንደከፋ አልነገሩትም ነበር፤ እስከ መጨረሻዎቹ ቀኖች ካርታ ይጫወት ነበር። ከሰረ የተባለው «ዘ ጄኔራል» በ1989 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ ሆነ። ጃኪ ቻንም የሚወድቀውን ግድግዳ «ፕሮጀክት ኤ» ክፍል ሁለት ላይ በራሱ መንገድ ደግሞታል።

የት ልጀምር ለምትሉኝ፣ በረጅሙ አትጀምሩ። ዳታችሁንም አትጨርሱ። «ዋን ዊክ»ን ፈልጉ፤ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ናት፣ ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለች። አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን ተጭኖ የመጣ፣ በመመሪያው መሠረት የሚገጣጠም ቤት ይሰጣቸዋል። አንድ ምቀኛ የሳጥኖቹን ቁጥር ይቀያይርባቸዋል። ቤቱ ጠማማ ሆኖ ይገጠማል፤ ነፋስ ሲመጣም ይሽከረከራል። በመጨረሻ ቤቱን እየጎተቱ ሲወስዱት ሐዲድ ላይ ይቀርባቸዋል፤ ባቡር ይመጣል። ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ባቡሩ ግን አጠገቡ ባለው ሐዲድ ያልፋል። ተመስገን ብለው ገና ሳይተነፍሱ ከወዲያኛው በኩል ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ብትንትኑን ያወጣዋል። ኪተን ፍርስራሹን ያያል። «የሚሸጥ» የሚል ምልክት ያቆማል፣ የመገጣጠሚያ መመሪያውን ከላዩ ያስቀምጣል፣ የሚስቱን እጅ ይዞ ይሄዳል።